«ይህቺ ሴት ምን ትፈልጋለች?»፦ ስለ ድራማ ሴቶች የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

አክስቴ ቤት ማታ ማታ ቴሌቪዥን አይዘጋም። እራት ቀርቦ፣ ጎረቤት ተጨምሮ ድራማ ይታያል። ከድራማው የሚበልጠው ግን በድራማው ላይ የሚነሳው ክርክር ነው። «ሴቶቻችንን አበላሹብን» የሚል አለ። «ድሮ ቀረ» የሚል አለ። «ተረት ነው እባክህ፣ ማን ያምነዋል» የሚልም አይጠፋም። እኔ ለጓደኞቼ ስክሪፕት ሳነብና አስተያየት ስሰጥ ብዙ ማታ ስላሳለፍኩ ዝም ማለት ያቅተኛል። እዚያ ሳሎን ውስጥ የሰማኋቸውን፣ አንዳንዶቹንም ራሴ አምኜባቸው የነበሩትን አባባሎች ላንሳ።

«ድሮ በመጽሐፍ የምትጻፍ ሴት ጨዋና ዝምተኛ ነበረች፤ ደፋሯ የመጣችው አሁን ነው»

ይህንን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ያፈርሰዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው መጽሐፍ ነው። ጦቢያ ቤት ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ልጅ አይደለችም። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ መንገድ ትወጣለች። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም አስቡት። ሰብለ ወንጌል የጌታ ልጅ ናት። የመረጠችው ግን የሚያስተምራትን የድሃ ልጅ ነው። እሱን ፍለጋ ከአባቷ ቤት የጠፋችው ራሷ ናት፤ ማንም አልጠለፋትም።

ስለዚህ ድፍረቱ አዲስ አይደለም። ያልተለወጠው ሌላ ነገር ነው። የጦቢያ ታሪክ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሄዶ የሚያልቀው በሠርግ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የኛ ሲኒማ ፍቅርና ኮሜዲ አብዛኛው እዚያው ሠርጉ ላይ ይዘጋል። ልጅቷ በማግሥቱ ምን አሰበች? ትምህርቷን ቀጠለች? ቤት ኪራዩን ማን ከፈለ? ካሜራው ሄዷል።

«ጠንካራ ሴት ካለችበት ችግር የለውም»

ይህን እኔም አምኜው ነበር። አሁን ግን «ጠንካራዋ ሴት» ራሷ ዕቃ ሆናለች። አመጣጧን ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የጫማዋ ተረከዝ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሙዚቃ። ከዚያ መነጽሯን ታወልቃለች። ጸሐፊዋ ብድግ ትላለች። ሴትዮዋ ፋይል ወርውራ «ይሄ ሥራ አይባልም!» ትላለች። ትፈርማለች፣ ትወጣለች፣ መኪናው ውስጥ ታለቅሳለች። አንድ ተከታታይ ድራማ ሃያ ምናምን ክፍል ተከታትዬ የሴትዮዋ ድርጅት ምን እንደሚሸጥ ሳላውቅ ቀረሁ። ሲሚንቶ ይሁን ሰሊጥ፣ እግዜር ይወቀው። ፉክክሯ ከማን ጋር ነው? ብድር አለባት? በሥራዋ ምን ያኮራታል? ምንም። ያላት ችግር ወንድየው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕት ሳነብ አንድ ጥያቄ ብቻ ዳር ላይ እጽፋለሁ፦ «ይህቺ ሴት ምን ትፈልጋለች?» መልሱ «እሱን» ብቻ ከሆነ ብትጮህም፣ ካራቴ ብትችልም ያው ናት። ዝምተኛ ሆና መሬቷን ላለማስነጠቅ ሦስት ዓመት ቀበሌ የምትመላለስ ሴት ከሷ ትበልጥብኛለች።

አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ አሊሰን ቤክደል እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ ካርቱኗ ያወጣችው ዝነኛ መመዘኛ አለ። ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ፣ እርስ በርሳቸው ያውሩ፣ ወሬያቸው ደግሞ ከወንድ ውጪ ስለሆነ ነገር ይሁን። በቃ። ቀልድ የሚመስል ነገር ነው፤ በዚህ የሚወድቀው ፊልም ብዛት ግን አያስቅም። ይሁንና ማለፉም ዋስትና አይደለም። ሁለት ሴቶች ስለ ፀጉር ቅባት ቢሰዳደቡ አልፈዋል።

«ሁሉን ያበላሸው የቱርክ ድራማ ነው»

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የነበረውን ጫጫታ ታስታውሳላችሁ። አርቲስቶቻችን ተቃወሙ። ሽማግሌዎች ስለ ባህል ተናገሩ። እናቶች ግን ወጣቸውን እሳት ላይ ጥለው ያያሉ።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሀብታሙ ልጅ ድሃ መስሎ ልጅቷን የሚፈትንበትን የሀገር ውስጥ ፊልም ስንት ጊዜ አይተናል? ገንዘቡን ነው ወይስ እሱን የወደደችው ተብላ ትፈተናለች። እሱን የፈተነው የለም። ዋሽቶም ይሞገሳል። ይህን ከኢስታንቡል አላስመጣነውም።

የቱርክ ድራማ ሴቶች በረጅሙ እያዩ መቆማቸው የሚያናድዳችሁ ካላችሁ ደግሞ ምክንያት አለው። ቱርክ ሀገር አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። በየሳምንቱ ያን ያህል መሙላት አለባቸው። ስለዚህ ሴትየዋ መስኮት ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ታያለች። ለውጭ ሲሸጥ አንዱ ክፍል ተቆራርጦ ብዙ ይሆናል። ለኛ የደረሰችን «ሁልጊዜ የምታዝን ሴት» በከፊል የአየር ሰዓት ሥራ ናት።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ማንም የማያነሳው ነገር ነው። ቋንቋው። በቱርክኛ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ናቸው። «ሂድ» እና «ሂጂ»ም አይለዩም። የቅርብና የአክብሮት መጠሪያ አላቸው፤ የኛን ያህል ግን አይከፋፈልም። አማርኛ ደግሞ ከግሡ መጨረሻ አያስመልጥም። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ፤ አንዱን ሳትመርጥ አፍህን መክፈት አትችልም። እንግዲህ ባልና ሚስቱ በቱርክኛ እኩል በቅርብ መጠሪያ ሲነጋገሩ ተርጓሚው ምን ያድርግ? ሚስት ባሏን «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ»? ምራት አማቷን «እማዬ» ትበል ወይስ «እትዬ»? ባል ሲቆጣ «ነይ» ይበላት ወይስ «ነይ አንቺ»? በዚህች በ«አንቺ» ብቻ ሴትዮዋ ግማሽ ክንድ ታጥራለች። ይህን የሚወስነው ኢስታንቡል ያለው ደራሲ አይደለም። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመጠው የኛው ሰው ነው። አንድ ማታ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ብቻ አዳምጡ። ሥዕሉ የቱርክ ነው፤ ሥልጣኑ ግን የኛ ሰፈር ነው።

«ተረት ነው፤ ሰው ላይ ምንም አያመጣም»

ያመጣል። በጣም የታወቀው ምሳሌ ብራዚል ነው። ሬዴ ግሎቦ የሚባለው ጣቢያ ተከታታይ ድራማዎቹን በሀገሪቱ እያዳረሰ ሲሄድ፣ ሥርጭቱ የደረሰባቸው አካባቢ ሴቶች የሚወልዱት ልጅ ቁጥር ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ድራማዎቹንም ቆጥሯል። ከሃምሳ ዓመት በታች ከሆኑ ዋና ሴት ገጸ ባሕርያት 72 በመቶዎቹ ልጅ የላቸውም፤ 21 በመቶዎቹ ያላቸው አንድ ብቻ ነው። በድራማው ውስጥ «ጥቂት ውለዱ» ብሎ የሰበከ የለም። ሴቶቹ ትንሽ ቤተሰብ ይዘው ሲኖሩ ታዩ፤ አለቀ።

እኛም ጋ ሆን ተብሎ ተሞክሯል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው። ጉዳዩ የቤተሰብ ምጣኔና ኤች አይ ቪ ነው። የዘመኑ ሰው ሬዲዮ ከቦ ሲያዳምጠው ትዝ ይለኛል። አድማጮች ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ጻፉ። ፖስታ ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ተሰልፎ የላከ ሰው «ተረት ነው» ብሎ አይደለም።

ለዚህ ነው ጥፊው የማይዋጥልኝ። የድራማው ወንድ ይቀናል፣ ይመታታል፣ እቅፍ ያደርጋታል፣ ሙዚቃው ይለሰልሳል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ሊመታ የሚችልባቸውን አምስት ምክንያቶች ዘርዝሮ ጠይቆ ነበር። ወጥ ማሳረር አንዱ ነው። ቢያንስ በአንዱ የተስማሙት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ቁጥሩን ገልብጬ ያነበብኩት መስሎኝ ተመልሼ አየሁት። ይህን ድራማ አመጣው አልልም፤ ድራማው ሳይኖርም ነበር። ግን ሳሎን ውስጥ ለተቀመጠችው ሴት ጥፊውን በክራርና በመሰንቆ አጅቦ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው።

«እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ለባለታሪኳ ውለታ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለችው። ጉዳዩን የያዙት የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ጠበቆች ነበሩ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ልጅቷ ራሷን ስትከላከል ነው የገደለችው ተብሎ ነፃ ወጣች። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። አዲሱ ሕግ፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው፣ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል፤ ማግባትም አያድንም።

«ድፍረት» የተባለው ፊልም ይህን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ወሰደ። ዓለም አጨበጨበ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 2006 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ወንበር ይዞ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ከሳሿ ራሷ ባለታሪኳ ነበረች። ታሪኬን ሳትጠይቁኝ ወሰዳችሁ ነው ነገሩ። እግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ።

ፊልሙ መጥፎ ነው አላልኩም። ስሟንም ሂሩት ብለው ለውጠውታል። ግን አስቡት። ስለ ፈቃድ የተሠራ ፊልም ነው። አንዲት ልጅ «አልፈልግም» ማለት ትችላለች ወይ የሚል። የዚያች ልጅ የራሷ ፈቃድ ጉዳይ ደግሞ ዳኛ ፊት ደረሰ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የፊልሙ ዳይሬክተር ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ቃናን ከመሠረቱት አንዱ ነው። «ለሴት የሚቆረቆር» እና «ሴትን የሚያበላሽ» ብለን ለሁለት የከፈልነው ሠፈር እንዲህ የተቀላቀለ ነው።

ከዓረብ ሀገር የተመለሰች ልጅ ላይ የሚሠሩ ድራማዎችንም በዚሁ ዓይን አያቸዋለሁ። ወይ ተሰቃይታ መጥታለች፣ ወይ ወርቅ ጭና መጥታለች። የላከችውን ብር ወንድሟ በልቶት፣ ሂሳቡን በወረቀት እየደመረች የምትጠይቀውን ግን የምናውቃት ሁላችን ነን።

«ሴት ብትጽፈው ይስተካከላል»

ግማሹ ልክ ነው። ሴት ደራሲ ማጀት ውስጥ ምን እንደሚወራ ታውቃለች። ስንዱ ገብሩ መጽሐፍ ያሳተሙት በ1940ዎቹ ነው፤ ጀማሪም አይደለንም። ግን ስፖንሰሩ «እናትየው ትንሽ ታልቅስ» ካለ፣ ቀረጻው ነገ ከሆነ፣ ማንም ብትጽፈው ታለቅሳለች። አንዲት ጓደኛዬ የጻፈቻት ነርስ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ሆስፒታል መግባት አቆመች። የሆስፒታል ቦታ ኪራይ ተወደደ። ነርሷ ሶፋ ላይ ቀረች።

«ሠራተኛዋ ለማሳቅ ናት፤ ምን አለበት»

ሁሉም ድራማ ውስጥ አለች። ሻሽ አሥራ፣ ጁስ በትሪ ይዛ ትገባለች። «እሺ እትዬ» ትላለች። ከገጠር መምጣቷ እንዲታወቅ ቃል ታዛባለች፣ ሰው ይስቃል። በር ላይ ቆማ ምሥጢር ትሰማለች፤ ምክንያቱም ደራሲው ምሥጢሩን የሚያወጣለት ሰው ፈልጓል። እሷ ግን ምን ትፈልጋለች? ማታ ትምህርት ትሄዳለች? ደመወዟ ስንት ነው? ለማን ትልካለች?

አክስቴ ቤት የምትሠራው ልጅ ድራማውን የምታየው ሳሎኑና ኩሽናው መካከል ያለው በር ላይ ተደግፋ ነው። አክስቴ «ነይ ተቀመጪ» ትላታለች። ትቀመጥና ቡናው ሊገነፍል ነው ብላ ትነሣለች። ባለፈው ሳምንት የድራማዋ ሠራተኛ እንደ ልማዷ ጁስ አስቀምጣ ወጣች። ሁላችንም ባልየው ይዋሻል አይዋሽም እያልን እንከራከራለን። ልጅቷ ከበሩ ላይ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ይቺ ልጅ ግን የት ነው የምትተኛው? ክፍሏን አንድ ቀን አሳይተው አያውቁም» አለች።

አክስቴ ሪሞቱን ይዛ ወደ እሷ ዞረች። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ።