ስሊፒንግ ዶግስ፦ ከቅርብ ሲያዩት የሚያምር፣ ከሩቅ የሚሳሳ

«ስሊፒንግ ዶግስ» በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ የነበረው ዩናይትድ ፍሮንት ጌምስ ሠርቶት፣ የጃፓኑ ስኩዌር ኢኒክስ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ለገበያ ያቀረበው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። መቼቱ ሆንግ ኮንግ ነው። ተጫዋቹ ዌይ ሸን የተባለ ስውር ፖሊስ ሆኖ ሰን ኦን ዪ በሚባል ምናባዊ የወንጀለኞች ማኅበር ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ከተማዋ ክፍት ናት፤ ተልዕኮውን ለጊዜው ትቶ በእግሩም በመኪናም እንዳሻው ሊዞርባት ይችላል። በወጣበት ሰሞን ተቺዎች ወደውት ነበር። ዛሬ ግን ስለ ክፍት ዓለም ጨዋታዎች ሲወራ ስሙ ዘግይቶ ይነሣል፤ ጭራሽ የማይነሣበት ጊዜም ብዙ ነው።

ከመወለዱ በፊት አንድ ጊዜ ሞቶ ነበር ማለት ይቻላል። የአሜሪካው አክቲቪዥን በ2009 «ትሩ ክራይም፦ ሆንግ ኮንግ» በሚል ስም ካስተዋወቀው በኋላ በ2011 መጀመሪያ ላይ ሰረዘው። ሥራው ተጓቷል፣ ወጪው ንሯል፣ ከዘርፉ አውራዎች ጋርም አይወዳደርም ተባለ። ከወራት በኋላ ስኩዌር ኢኒክስ የማሳተም መብቱን ወሰደ፤ የቀድሞ ስሙ ግን ከአክቲቪዥን እጅ ስላልወጣ ጨዋታው አዲስ ስም ተሰጠው።

ጨዋታውን ከእኩዮቹ የሚለየው ቡጢ ነው። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ገና በመጀመሪያው ሰዓት ለተጫዋቹ ሽጉጥ ሲያስታጥቁ፣ እዚህ የታሪኩ ግማሽ ያህል የሚያልፈው በእጅና በእግር ነው። ሊመታ የተነሣው ጠላት ሰውነቱ ለቅጽበት በቀይ ይበራል፤ ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት የመመከቻውን ቁልፍ ከተጫነ ዌይ ምቱን መልሶ በተራው ይመታል። ቀደም ካለ ይስታል፣ ከዘገየ ምቱ ያርፍበታል። አምስትና ስድስት ሰው ከቦት ሲቆም ይህ እንደ እስክስታ ምት የሚጠይቅ ነገር ይሆናል።

ሌላው ጥበብ በዙሪያው ያለው ዕቃ ነው። ጠላቱን አንገቱን አንቆ ሲይዘው በአካባቢው ያሉ አንዳንድ ነገሮች በቀይ ደምቀው ይታያሉ፦ የቆሻሻ ገንዳ፣ የስልክ መደወያ ሳጥን፣ የሚሽከረከር የአየር ማናፈሻ፣ በዓሣ የተሞላ የመስታወት ገንዳ። ወደዚያ ጎትቶት አንድ ቁልፍ ሲጫን የሚከተለውን መጻፍ አያስፈልግም። ጭካኔው ለአንዳንዱ ተጫዋች ይበዛል፤ ለእኔም ከማናፈሻው በኋላ በዝቶብኛል። ነገር ግን ማንኛውም ጓሮ፣ ማንኛውም ወጥ ቤት ለብቻው የሚታሰብበት ቦታ ይሆናል። ሰው ወደ አዲስ ክፍል በገባ ቁጥር አስቀድሞ ግድግዳውን ያያል።

አዳዲስ የምት ስልቶችን መማሪያው መንገድም ደስ ይላል። ከአንድ የማርሻል አርት ትምህርት ቤት የተሰረቁ፣ በቻይናውያን የዘመን ቆጠራ እንስሳት አምሳል የተቀረጹ የጄድ ሐውልቶች በየከተማው ተበትነዋል። ተጫዋቹ አንዱን አግኝቶ ለአሮጌው መምህር ሲመልስ መምህሩ አንድ ስልት ያስተምረዋል። በየጥጉ ያሉት የጸሎት ስፍራዎች ደግሞ በአምስት በአምስቱ የዌይን ጤና ያሳድጋሉ። መንገድ ላይ የሚሸጠው የአሳማ ሥጋ ዳቦ ደግሞ ከውጊያ በፊት ሲበላ ቁስል ቶሎ እንዲድን ያደርጋል። ሻጩ ዳቦውን የማይበላ ወንድ ሙሉ ሰው አይደለም እያለ ይጮኻል፤ አሳማ በማይበላበት ቤት ያደገ ተጫዋች ስድቡን ችሎ ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ትልቁ ሐሳብ ሁለቱ ሚዛኖች ናቸው። በየተልዕኮው ዌይ በአንድ በኩል እንደ ፖሊስ፣ በሌላ በኩል እንደ ወንበዴ ነጥብ ይሰጠዋል። እግረኛ ከገጨ፣ የሰው ንብረት ከሰበረ የፖሊስ ነጥቡ ይቀነሳል፤ በጭካኔና በልዩ ልዩ ስልት ከተደባደበ የወንበዴ ነጥቡ ያድጋል። ሦስተኛው መለኪያ «ፊት» ይባላል። ይህ የቻይናውያን ጽንሰ ሐሳብ ሰው በሌሎች ዘንድ ያለው ክብር ነው። የእኛ «ይሉኝታ» ጎረቤቱ ነው፤ ሆኖም ይሉኝታ ሰውን ሲይዘው፣ ይኼኛው ሰው በልፋቱ የሚያከማቸው ሀብት ነው። ዌይ ለመንደሩ ሰው ውለታ ሲውል ፊቱ ያድጋል፤ ክብሩ ሲያድግ የተሻለ ልብስና መኪና ይፈቀድለታል።

ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ጉድለቱም ከዚሁ ይጀምራል። ሁለቱ ሚዛኖች አይጣሉም። ጠንቃቃ ተጫዋች ሁለቱንም እስከ ጫፍ ሊሞላቸው ይችላል፤ ለአንዱ ሲል ሌላውን የሚሠዋበት ሰዓት አይመጣም።

ታሪኩን ሳይሰማ መጫወት የሚፈልግ ይህን አንቀጽ ይዝለል። በማኅበሩ ውስጥ የዌይ አለቃ የሆነው ዊንስተን በገዛ ሠርጉ ላይ ይገደላል። እናቱ ወይዘሮ ቹ የምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ዌይ በግድያው እጁ ያለበትን ሰው ይዞ ወደ ወጥ ቤታቸው ያመጣላቸዋል፤ እርሳቸውም የሥጋ መክተፊያቸውን ይዘው ይጠብቁታል። በመሐላ የተሾመ ፖሊስ ሰውን ለዕርድ ሲያስረክብ ማለት ነው። የፖሊስ ሚዛኑ የሚቆጥረው ግን የተሰበረ አጥርንና የተገጨ እግረኛን ነው። ታሪኩ በዌይ ልብ ላይ የጣለውን ሸክም ጨዋታው በተጫዋቹ ትከሻ ላይ አላኖረውም።

ታሪኩ ለብቻው ሲታይ ጠንካራ ነው። የዌይን ድምፅ የሰጠው ዊል ዩን ሊ ነው፤ የማኅበሩን አዛውንት አጎት ፖን ጄምስ ሆንግ ሆኖ ተጫውቶታል። ገጸ ባሕርያቱ በእንግሊዝኛው መሐል የካንቶንኛ ቃላት ጣል ያደርጋሉ። የልጅነት ጓደኛው ጃኪ ደግሞ ለወንበዴነት ያልተፈጠረ ልጅ ነው፤ ተጫዋቹ የሚሳሳለትም ለዚህ ነው።

ሴቶቹ ግን ተበድለዋል። ኤማ ስቶን ድምፅዋን የሰጠችላት አማንዳ ብቅ ብላ ትጠፋለች። ዌይ ከየሴቷ ጋር ሲቀጣጠር ሽልማቱ በካርታው ላይ አዲስ ምልክት መታየቱ ነው፦ አንዷ የጸሎት ስፍራዎችን፣ ሌላዋ የደኅንነት ካሜራዎችን ታሳያለች። ሴቶቹ የካርታ ቁልፍ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ስልክም አይደውሉም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው።

ከተማዋ ኖርዝ ፖይንት፣ ሴንትራል፣ አበርዲንና ኬኔዲ ታውን በተባሉ አራት ሰፈሮች ተቀንብባለች። ሁሉም በእውነተኛዋ የሆንግ ኮንግ ደሴት ላይ ያሉ ናቸው፤ ከባሕሩ ማዶ ያለው ካውሉን የለም። በዝናባማ ሌሊት የኒዮን መብራት በእርጥቡ አስፋልት ላይ ሲንጸባረቅ ማንም ቆም ብሎ ያያል። መኪና በግራ ስለሚነዳ ለቀኝ የለመደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በግጭት ያሳልፋል። በስቱዲዮው ውስጥ ከመኪና እሽቅድምድም ጨዋታዎች የመጡ ሠራተኞች ስለነበሩ አነዳዱ ፈጣንና ቀላል ነው፤ ዌይ ከሚሮጥ መኪና ዘሎ በሌላ መኪና ላይ ሊሰፍር ይችላል። ነገር ግን የሚገባበት ቤት ጥቂት ነው። የጎን ሥራዎቹ ይደጋገማሉ፦ ወንበዴዎችን መምታት፣ ካሜራውን መጥለፍ፣ ቤት ሄዶ በቴሌቪዥን ዕፅ አዘዋዋሪውን ለይቶ ማስያዝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በኋለኛው ግማሽ ጠመንጃ ሲበዛ ደግሞ ጨዋታው ከማንኛውም ተኩስ ጋር ይመሳሰላል።

ስኩዌር ኢኒክስ በ2013 ባወጣው ሪፖርት ጨዋታው 1.75 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል፤ ለኩባንያው ይህ ከጠበቀው በታች ነበር። በ2014 ተሻሽሎ ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ወጣ። ስቱዲዮው «ትራያድ ዎርስ» የተባለ በኢንተርኔት የሚካሄድ ጨዋታ ቢጀምርም ሥራው ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ፤ ዩናይትድ ፍሮንት ጌምስም በኦክቶበር 2016 በሩን ዘጋ። በ2017 ዶኒ ዬን ዌይ ሸንን ሆኖ የሚሠራበት ፊልም እንደሚዘጋጅ ተነግሮ ነበር። ፊልሙም አልተሠራም።