ሳግራ፦ የጣልያን መንደር አዝመራውን የሚደግስበት በዓል

ሳግራ በጣልያን መንደሮችና ትንንሽ ከተሞች በየዓመቱ የሚደገስ የምግብ በዓል ነው። አንድ ሳግራ ብዙውን ጊዜ የሚያከብረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሬቱ የሚያበቅለውን፣ ባሕሩ የሚሰጠውን ወይም የአካባቢው እናቶች ሲሠሩት የኖሩትን አንድ ምግብ። የወይን ሳግራ አለ። የዓሣ፣ የሽንኩርት፣ የእንጉዳይ፣ የቀንድ አውጣ ሳይቀር አለ። በአገሩ ዙሪያ በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ሳግራዎች ይደገሳሉ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳግራን ከሌላው የምግብ ፌስቲቫል የሚለየው አብሳዮቹ የመንደሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ሼፍም አስተናጋጅም አይቀጠርም። ድስቱ ላይ የሚቆሙት አያቶች ናቸው፤ ሳህን የሚያመላልሱት ደግሞ የሰፈሩ ልጆች። ብዙ ሰው ስለ ሳግራ ሲያወራ ስለ ምግቡ ብቻ ያወራል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ይኼ የነጻ ጉልበት ነው።

ሥሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀበት ወይም የመንደሩ ጠባቂ ቅዱስ የሚታሰብበት ቀን በዓል ነበር። ከቅዳሴና ከዑደት በኋላ አደባባዩ ላይ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ገበያ ይቆማል። ዛሬም ብዙ ሳግራ ከአንድ ቅዱስ ቀን ጋር ይውላል። አንዳንዱ ደግሞ የረሃብ ትዝታ ነው። ቶስካና ውስጥ ቬርኒዮ የምትባል ቦታ አለች። በ1512 የፕራቶን ከተማ የዘረፈው የስፔን ጦር አካባቢውን አራቁቶት ሄደ። የባርዲ መሳፍንት ለተራበው ሕዝብ የካስታኛ ዱቄት ገንፎ አደሉ ይባላል። ካስታኛ የተራራ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ተጠብሶም ይበላል፣ ደርቆም ይፈጫል። ቬርኒዮ ያንን ቀን በየዓመቱ የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ታስባለች፤ ያንኑ ገንፎ እያገነፋች።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ሳግራ ግን አብዛኛው የ20ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ከሮም በስተደቡብ ያለችው ኔሚ የእንጆሪ ሳግራዋን የጀመረችው በ1922 ነው። ጎረቤቷ ማሪኖ የወይን ሳግራዋን በ1925 ጀመረች። ፍሎረንስ አጠገብ ያለችው ኢምፕሩኔታ በ1926 ተከተለች። ፋሺስቱ መንግሥትም ነገሩ ለፕሮፓጋንዳ እንደሚመች አልጠፋውም። በ1930 ብሔራዊ የወይን በዓል አወጀ፤ ወይኑ እንዲሸጥም ገበሬው እንዲደሰትም ፈልጎ። ከአምስት ዓመት በኋላ አገራችንን የወረረው ያው የሙሶሊኒ መንግሥት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሌላ ማዕበል መጣ። ሮም አካባቢ ያሉት አሪቻና ላዲስፖሊ በ1950፣ ካሞሊ በ1952 ጀመሩ።

ቀጥሎ የገጠሩ ሰው ወደ ፋብሪካ ከተሞችና ወደ ውጭ አገር ፈለሰ። መንደሮች ባዶ ቀሩ። የሄዱት ግን በኦገስት ለእረፍት ይመለሳሉ። ኦገስት 15 በካቶሊኮች ዘንድ የእመቤታችን ዕርገት ነው፤ ጣልያኖች ፌራጎስቶ ይሉታል። እኛ ያን ሰሞን ፍልሰታን እየጾምን ነው፤ እነሱ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። ሳግራ የሚበዛው በዚህ ወር ነው። የተበተነ ቤተሰብ የሚገናኘው፣ የተወለደ ሕፃን ለዘመድ የሚታየው እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ፕሮ ሎኮ የሚባል የመንደር ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ፕሮ ሎኮ በ1881 በፒዬቬ ቴዚኖ ተቋቋመ። ቦታው ያኔ በኦስትሪያ ሥር ነበር። በ1962 ደግሞ ማኅበራቱን የሚያስተባብር ብሔራዊ ኅብረት ተመሠረተ። ፕሮ ሎኮን ለእኛ ሰው ለማስረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የማኅበሩ ንብረት ነው። አባላቱ ተራ ይገባሉ፣ ይከፋፈላሉ፣ ይነታረካሉም። ልዩነቱ ድግሱ ለሐዘን ሳይሆን ለአዝመራ መሆኑ ነው። የተገኘው ትርፍ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ፣ ለአምቡላንስ፣ ለሕፃናት መዋያ ወይም ለሰፈሩ የኳስ ቡድን ይውላል።

ምሽቱ በየቦታው ይመሳሰላል። መጀመሪያ ካሳ (ሒሳብ መክፈያው) ጋ ሰልፍ ይያዛል። እዚያ ታዝዞ፣ ተከፍሎ፣ ደረሰኝ ይወሰዳል። ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች ላይ ወረቀት ተነጥፏል። ከማያውቁት ሰው ጎን መቀመጥ ግድ ነው። ሳህኑ የወረቀት ነው፣ ወይኑ በማንቆርቆሪያ ይመጣል። ከተበላ በኋላ ባንድ ይጀምራል፤ በተለይ ሮማኛ በተባለው የሰሜን ጣልያን አካባቢ አዛውንቶቹ ቫልስና ማዙርካ ሲጨፍሩ ያመሻሉ። ቶምቦላም አለ፤ እዚያ ቤት ይህ ሎተሪ ቀልድ አይደለም።

የሳግራን ቀን የሚቆርጠው ግን አዝመራው ነው። በኤፕሪል ላዲስፖሊ ካርቾፎዋን ታወጣለች፤ ካርቾፎ ሳያብብ የሚቀጠፍ እሾሃማ አትክልት ነው። በጁን የመጀመሪያ እሑድ ተራው የኔሚ ነው። ኔሚ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አፋፍ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ከተማ ናት። ትንንሾቹ የዱር እንጆሪዎች ከዚያ አካባቢ ይለቀማሉ። በበዓሉ ቀን ሴቶች የለቃሚዎቹን የጥንት ልብስ ለብሰው በአደባባይ ያልፋሉ፤ ቀይ ቀሚስና ነጭ የዳንቴል ሻሽ።

ካሞሊ የሊጉሪያ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በሜይ ሁለተኛ እሑድ የአጥማጆቹን ጠባቂ ቅዱስ ፎርቱናቶን ታከብራለች። በዋዜማው ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰፈሮች ባሕሩ ዳር ትልልቅ ደመራ ያነዳሉ፤ የማን ይበልጣል እያሉ። በማግስቱ ስፋቱ ወደ አራት ሜትር በሚጠጋ መጥበሻ ዓሣ ይጠበስና ለሕዝቡ ይታደላል። ያረጁት መጥበሻዎች እንኳ አልተጣሉም፤ ከተማው ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል።

በማሪኖ በኦክቶበር መጀመሪያ እሑድ ከአደባባዩ ፏፏቴ ውሃ ሳይሆን ወይን ጠጅ ይፈሳል። በዓሉ ከታሪክም ጋር ተጋብቷል። በ1571 በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት የሮማውን ጳጳስ መርከቦች የመራው ማርካንቶኒዮ ኮሎና የማሪኖ ጌታ ነበር፤ ከጦርነቱ የተመለሰበት ሁኔታ በሰልፍ ይታያል። በ2008 ቧንቧው በስህተት ተገናኝቶ ወይኑ ወደ መኖሪያ ቤቶች ሄደ። እናቶች የማድቤት ቧንቧ ሲከፍቱ ወይን ወረደላቸው። ማሪኖዎች ይህን ታሪክ እስከዛሬ በፍቅር ያወሩታል።

በልግ ሲገባ ጫካው ተራውን ይይዛል። እንጉዳይና ካስታኛ ይደርሳሉ። ከሁሉም የሚከበረው ግን የፒዬሞንቴው ነጭ ታርቱፎ ነው። ይህ ከመሬት በታች በዛፍ ሥር የሚያድግ ፈንገስ ነው። እንደ ድንች ተተክሎ አይለቀምም። የሚያገኘው የሠለጠነ ውሻ አፍንጫ ነው። ፈላጊው ሌሊት ከውሻው ጋር ይወጣል፤ ያገኘበትን ቦታ ለጎረቤቱም አይናገርም። አልባ ከተማ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትርኢቱን ታዘጋጃለች። ጃኮሞ ሞራ የተባለው የአልባ ሆቴል ባለቤት የዓመቱን ምርጥ ታርቱፎ ለታዋቂ ሰዎች እየላከ ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። በ1951 የተላከላቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ነበሩ። በ2021 ዩኔስኮ የጣልያንን የታርቱፎ ፍለጋ ዕውቀት በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እውነቱን ለመናገር አልባ ዛሬ ከመንደር ሳግራ ወጥታ ዓለም አቀፍ ገበያ ሆናለች። ዋጋውም ለተራ ሰው አይቀመስም።

ሲሲሊ ላይ ብሮንቴ አለች፤ ኤትና የሚባለው እሳተ ገሞራ ተራራ ሥር። የፒስታቺዮ ዛፎቿ የቆሙት በቀዘቀዘ ላቫ ላይ ነው። ማሽን አይገባበትም፣ በእጅ ይለቀማል። ዋናው ለቀማም በየሁለት ዓመቱ ነው። ሳግራው ግን በየዓመቱ ይውላል።

አማትሪቼን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ይህች የተራራ ከተማ ስሟን የሰጠችው አማትሪቻና የተባለ ሱጎ በዓለም ዙሪያ ይበላል፤ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ፣ የበግ ወተት አይብና ቲማቲም ነው። በኦገስት 2016 የስፓጌቲ ሳግራዋን ለ50ኛ ጊዜ ልታከብር ዝግጅቱን ጨርሳ ነበር። ቀናት ሲቀሩት ኦገስት 24 ሌሊት የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፈረሳት። በአካባቢው በጠቅላላው ወደ 300 ሰው ሞተ። ለበዓሉ ከሩቅ የመጡ እንግዶችም ነበሩበት። ከዚያ በኋላ በመላው ጣልያን ያሉ ሬስቶራንቶች ከአንድ ሳህን አማትሪቻና ሁለት ዩሮ ለተጎጂዎች መስጠት ጀመሩ።

ሳግራ ወቀሳም አለበት። ሬስቶራንቶች ያማርራሉ፦ እኛ ግብርና ደመወዝ እየከፈልን እነሱ በነጻ ጉልበት ገበያችንን ይወስዳሉ ይላሉ። ሌላው ወቀሳ የሐሰት ሳግራ ነው። እንጉዳይ በሌለበት ወር ከውጭ የመጣ በበረዶ የቆየ እንጉዳይ አብስሎ «የእንጉዳይ ሳግራ» የሚል ማስታወቂያ የሚለጥፍ አለ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነውር ነው፤ በዓሉን በዓል የሚያደርገው መሬቱ ነውና። የማኅበራቱ ብሔራዊ ኅብረት በበኩሉ ለእውነተኞቹ የጥራት ምልክት መስጠት ጀምሯል።

በጁን 2017 ቱሪን ውስጥ አደባባይ ላይ ኳስ የሚያይ ሕዝብ ተረጋግጦ ብዙ ሰው ተጎዳ። መንግሥት ለማንኛውም የአደባባይ ዝግጅት ጥብቅ የደኅንነት መመሪያ አወጣ። ለትልቅ ከተማ ቀላል ነው። ሃያ ፈቃደኛ ላላት መንደር ግን የወረቀቱና የጥበቃው ወጪ ከበዳት፤ በርካታ ሳግራዎች ተሰረዙ። በ2020 ደግሞ ኮሮና መጣ። ዛሬ ትልቁ ስጋት ዕድሜ ነው። ፓስታውን በእጃቸው የሚለውሱት ሴቶች አርጅተዋል። ወጣቱ ወደ ሚላኖና ወደ ጀርመን ሄዷል።

ሮም ለሚኖር ሐበሻ ማሪኖ በባቡር ቅርብ ናት። ኔሚ ለመድረስ አውቶቡስ ያስፈልጋል። አሪቻም እዚያው አካባቢ ናት፤ ነገር ግን የሴፕቴምበር ሳግራዋ የፖርኬታ ነው። ፖርኬታ ሙሉ አሳማ በቅጠላ ቅጠል ተሞልቶ የሚጠበስ ስለሆነ ለአብዛኛው ኦርቶዶክስና ሙስሊም አይሆንም። የሚመቸው ላዲስፖሊ ነው። ወሩ ብዙ ዓመት ሁዳዴ ላይ ይወድቃል፤ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅጠል ብቻ የበሰለ ካርቾፎ ደግሞ ጾመኛ ይበላዋል። ሰልፉ ሳይረዝም ቀደም ብሎ መድረስ ነው። ጥሬ ብርም ይያዝ፤ ካርድ የማይቀበል ካሳ አሁንም አለ።