ሠርቶ የሚጠፋው ቴምፕሌት

ቴምፕሌት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ደጋግመን የምንጠቀምበት ቅርጽ ማውጫ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ የሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ደቃቅ ኳስ ሲሠራ ግን ቴምፕሌቱ አንዴ አገልግሎ ይጠፋል።

ሰምና ወርቅን አስቡ። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣዋል። በቦታው ወርቅ ይገባል። እዚህ ግን ወርቅ የለም። የሚፈለገው ባዶው ራሱ ነው!

ሰሙ 200 ናኖሜትር ስፋት ያላት የፖሊስታይሪን ኳስ ናት እንበል። ፖሊስታይሪን ያው የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የምናገኘው የነጩ ፎም ዘር ነው። ኳሶቹ ኤታኖል፣ ውሃና ጥቂት አሞኒያ ውስጥ ይበተናሉ። ከዚያ ቴኦስ የሚባል ሲሊከን ያለበት ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይደረጋል። አሞኒያው ሥራውን ያፋጥናል፤ ሲሊካው ኳሷን እንደ እንቁላል ቅርፊት ይለብሳታል። እዚህ ላይ መቸኮል ጣጣ አለው። ቴኦሱ ከበዛ ሲሊካው ኳሷን ትቶ ለብቻው ይድቦለቦላል።

ኳሷ በምን ትወጣለች? ወይ ቶሉዊን በሚባል ፈሳሽ ትሟሟለች፣ ወይ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ትቃጠላለች። ቅርፊቱ ድፍን ቢመስልም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ጋዙ በነሱ ሾልኮ ይወጣል። ሙቀቱ በአንዴ ከተለቀቀበት ግን ቅርፊቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በደህና ከወጣም ሲሊካው በሙቀቱ ትንሽ ስለሚኮማተር፣ የሚቀረው ክፍተት ከኳሷ ጠበብ ይላል።