ከዚራ ላይ የሚፈታ ምላስ ማይክ ሲያይ ለምን ይታሰራል?

ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጦ አሥር ሰው በሳቅ የሚያፈርስ ልጅ፣ ሰርግ ላይ «እስቲ ሁለት ቃል ጣል አድርግ» ሲባል ምራቁ ይደርቃል። እዚህ ድሬዳዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶችን ንግግር ሳለማምድ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አብዛኞቹ አንደበት አላነሳቸውም። ያሰራቸው ስለ መድረክ ሰምተው ያመኑት ነገር ነው። ቶሎ ቶሎ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ተናጋሪ ይወለዳል እንጂ በልምምድ አይሆንም»

ድሬ ያደገ ሰው ይህን ማመን አልነበረበትም። ብዙዎቻችን ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ ሶማሊኛውን ከገበያ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ለቃቅመናል። ስንሳሳት እየተሳቀብን፣ እየታረምን ነው የቻልነው። መድረክም እንደዚያው ነው፤ ዛሬ አምስት ሰው ፊት አንድ ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አምስት ሰው ፊት ሦስት ደቂቃ።

«መፍራቴን ሁሉም ያየዋል»

ብዙ ሰው ከመድረክ የሚያስቀረው ይሄኛው ነው። አንድ ግንቦት ላይ አንዲት ልጅ አያቷ ዕድሜያቸውን ስለሠሩበት ስለ ምድር ባቡር ልትናገር ቆመች። የያዘችው ወረቀት ይርገፈገፍ ነበር። ጨርሳ ስትቀመጥ «ተዋረድኩ አይደል? ሁሉም አየኝ» ብላ አለቀሰች። የነበሩትን አሥራ አራት ልጆች «ምን አያችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ስለ ወረቀቱ ያነሳው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሌሎቹ ያወሩት ስለ አያቷ ነበር።

ይህ የእሷ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሳቪትስኪ እና ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ ተናጋሪዎች ድንጋጤያቸው ለአድማጭ ከሚታየው በላይ የሚታይ ይመስላቸዋል። ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ደግሞ ካልተነገራቸው የተሻለ ተናግረዋል። ነገሩን ማወቁ ብቻ ጠቀማቸው ማለት ነው። የልባችን ድው ድው ለእኛ እንጂ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው አይሰማም። ላቡም ቢሆን አያሳስብ፤ በድሬ ሙቀት አዳራሹ ሁሉ አልቦታል። ወረቀቱን ግን መቀየር ነው፤ ስስ ወረቀት ትንሿን የእጅ መንቀጥቀጥ ያጎላል፣ ካርቶን ይደብቃታል።

«ትንሽ ቅሜ ብወጣ ምላሴ ይፈታል»

እንደኛ ባለ ከተማ ይህን በግልጽ መነጋገር አለብን። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ያደርቃል። ፍርሃት ሲመጣ የሚለቀቀው አድሬናሊንም ልብን ያስሮጣል። እሳት ላይ ጋዝ እንደመጨመር ነው። ምርቃና ላይ ሐሳብ ይንቆረቆራል፣ እውነት ነው። በርጫ ላይ የሚሰማው ግን አብሮ የቃመ ሰው ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ያለው አልቃመም። ሰባት ደቂቃ የተሰጠው ሰው ሃያ አምስት ደቂቃ ሲያወራ፣ ሰው አንድ በአንድ እየወጣ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል፤ ልጁ የሚናገረው ቁም ነገር ነበረው።

በምትኩ አየር በአፍንጫ ስቦ፣ ከሳቡት ረዘም አድርጎ ማስወጣት። አራት ቆጥሮ አስገብቶ፣ ስድስት ወይም ስምንት ቆጥሮ ማስወጣት፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ስናስወጣ የልብ ምት ይቀንሳል፣ ማስወጣቱን ማርዘም የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይኑር።

«መጀመሪያ መረጋጋት አለብኝ»

ልቡ የሚመታን ሰው «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» ማለት ብዙ አይረዳውም። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ አሳማኝና በራሳቸው የሚተማመኑ ሆነው ታይተዋል። ሰውነት አንዴ ከተነሳ ወደ ጉጉት መውሰዱ ከማስተኛቱ ይቀላል። እኔ ልጆቹን «ይህን ለመንገር ጓጉቻለሁ» አሰኝቼ ነው የማስወጣቸው።

«እንደ አዲስ አበባ ጋዜጠኛ ካልተናገርኩ ይሳቅብኛል»

አይሳቅም። «አቦ» የምትል የድሬ ልጅ ድሬ አዳራሽ ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ሌላ ሰው ለመምሰል የሚወጣው ጉልበት ነው ምላስ የሚያስረው።

«ቃል በቃል ካልሸመደድኩ እጠፋለሁ»

የሚጠፋውስ የሸመደደው ነው፤ አንዷ ቃል ስታመልጠው ተከታዮቿን ሁሉ ይዛበት ትሄዳለች። ለባጃጅ ሾፌር ከሳቢያን ከዚራ ድረስ መንገድ ስንነግር ዓረፍተ ነገር አንሸመድድም፤ የት የት እንደሚታጠፍ ስለምናውቅ በፈለግነው ቃል እንነግረዋለን። ንግግርም መታጠፊያዎቹን ማወቅ ነው። በቃል መያዝ ያለበት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ፍርሃቱ የሚበረታው እዚያ ላይ ነውና።

ያቺ ልጅ በቀጣዩ ቅዳሜ የማካሮኒ ካርቶን ቆርጣ፣ ጀርባው ላይ አራት ቃል ጽፋ መጣች፦ ለገሀር፣ ፉጨት፣ ዘይት፣ ጡረታ። ሰባት ደቂቃ ተናገረች። ካርቶኑን ያየችው ሁለቴ ነው።