የልምድ እውቀት ምንድን ነው?

ኤፋቫይረንዝ የሚባለውን የኤች አይ ቪ ኪኒን የጀመረ ሰው ሕልሙን በቀላሉ አይረሳም። መድኃኒቱ ራስ ያዞራል፤ ሌሊት ደግሞ ቁልጭ ያለ፣ አንዳንዴም የሚያስፈራ ሕልም ያሳያል። ዛሬ በአብዛኛው ዶሉቴግራቪር በሚባል ሌላ የኤች አይ ቪ ኪኒን ተተክቷል እንጂ እዚህ አገር ለዓመታት ከዋናዎቹ አንዱ ነበር።

ሐኪሙ «ማታ ስትተኚ ውሰጂው» ብሎ ይሸኛል። ውጭ ሰልፍ አለበት፣ አልፈርድበትም። ሴትየዋ ግን ስትባንን አድራ «ላብድ ነው እንዴ?» ትላለች።

አሁን ይህችን ሴት በእናቶች ድጋፍ ቡድን፣ ማለትም ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች በሚሰባሰቡበት፣ መሃል አስቀምጧት። ቡና ተፈልቷል። (ያለ ቡና ማን ገመናውን ያወራል?) ሕልሟን ትናገራለች። አንዷ «እኔም!» ትላለች። ሌላዋ «እኔን ወር ሳይሞላው ተወኝ»። ሦስተኛዋ «ቅባት የበዛበት እራት የበላሁ ቀን ይብስብኛል»። አራተኛዋ ደግሞ «እኔ ምንም አላየሁም» ትላለች።

እስካሁን የተወራው የየሰው ገጠመኝ ነው። ሲደራረብና ሲጋጭ ግን የሁሉም የሆነ ነገር ይወጣዋል፦ ሕልሙ ከመድኃኒቱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ይቀላል፣ ቅባት ያባብሰዋል። አሜሪካዊቷ የሶሺዮሎጂ ምሁር ቶማሲና ቦርክማን በ1976 እ.ኤ.አ. የልምድ እውቀት ያለችው ይህን ነው። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ የተገኘ፣ በጋራ የተጣራ እውቀት።

በእኔ እይታ ከሁሉም የምትጠቅመው አራተኛዋ ናት። እሷ ባትኖር ቡድኑ አዲስ የመጣን ሁሉ «ትቃዣለሽ» እያለ ሲያስፈራራ ይኖር ነበር።

ቡድን አብሮም ይሳሳታል። «መድኃኒቱን አቁሜ ይኸው ደህና ነኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ለጊዜው አልታመመም። ቫይረሱ ግን ድምፁን አጥፍቶ ይባዛል። ልምድ የሚያውቀው የሚሰማውን ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚያየው ላቦራቶሪ ነው።

ላቦራቶሪ የማይደርስበትም አለ። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እነ መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ማኅበራት ከዚያ በፊት ነበሩ። ኪኒን ሳይኖር ሰው ምን ይማማር ነበር? ለባል እንዴት ይነገራል፣ ለልጅስ መቼ? ኪኒኑ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ብልቃጡ ቦርሳ ውስጥ ሲንኳኳ አማት ትሰማለች። ለዚህ ከሐኪሙ ይልቅ አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴት ትሻላለች፦ «ጥጥ ጎስጉሺበት፣ ዝም ይላል።»