«ሳኦል ደግሞ ከነቢያት ወገን ነውን?»

አብዛኛውን ምሳሌያዊ አነጋገር ማን እንደጀመረው አናውቅም። ይሄኛው ግን ልደቱ ተጽፎለታል። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ፣ «ስለዚህ ምሳሌ ሆነ» ብሎ ይነግረናል። ደግሞ አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ ነው የሚነግረን። መጀመሪያ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 10፣ ከዚያ ምዕራፍ 19 ላይ። በግእዙ ትውፊት መጽሐፉ ቀዳማዊ ነገሥት ይባላል።

አንድ ሰው ባልጠበቅነው ቦታ፣ ያልጠበቅነውን ሲያደርግ ስናየው ከአፋችን የሚያመልጥ የመገረም ቃል ነው። በእኛ አነጋገር «እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» እንደማለት ነው። ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ በዚሁ መንፈስ ይጠቀሙበታል።

ነገሩ የተጀመረው በጠፉ አህዮች ነው። ከብንያም ነገድ የሆነ ቂስ የሚባል ሰው አህዮቹ ጠፉበት። ልጁን ሳኦልን ከአንድ ብላቴና ጋር ፍለጋ ላከው። የኤፍሬምን ተራራማ አገር አካለሉ፣ አላገኙም። ስንቃቸው አለቀ። ሳኦል «እንመለስ፣ አባቴ አህዮቹን ትቶ ስለ እኛ እንዳይጨነቅ» አለ። ብላቴናው ግን በዚያ ከተማ የእግዚአብሔር ሰው እንዳለ ነገረው። የሚሰጡት ስጦታ እንኳ አልነበራቸውም። ብላቴናው እጁ ላይ የሰቅል ሩብ ብር ብቻ ነበረች። ያችን ይዘው ወደዚያ የእግዚአብሔር ሰው፣ ወደ ነቢዩ ሳሙኤል ሄዱ።

ሳሙኤል ሳኦልን በእንግዶቹ ፊት አከበረው፣ አብልቶ አሳደረው። በነጋታው በከተማው ዳር ብላቴናውን ቀድሞ እንዲሄድ አደረገና ዘይቱን በሳኦል ራስ ላይ አፈሰሰ። በቦታው የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የእስራኤል የመጀመሪያ ንጉሥ የተቀባው ሕዝብ ሳያይ ነው።

ከዚያ ነቢዩ ሦስት ምልክት ሰጠው። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳኦል ከኮረብታው መስገጃ የሚወርዱ ነቢያት እንደሚያገኝ ተነገረው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በገና፣ ከበሮ፣ እምቢልታና መሰንቆ ይዘዋል። ይህን ሳነብ ድምፁ ሁሉ ይሰማኛል። «የእግዚአብሔር መንፈስ ይወርድብሃል፣ ሌላ ሰው ሆነህ ትለወጣለህ» አለው። ገና ፊቱን አዙሮ ከሳሙኤል ሲለይ እግዚአብሔር ሌላ ልብ ሰጠው። በዚያው ቀን ከነቢያቱ ጋር ትንቢት ተናገረ።

ያዩት ሰዎች ቀድሞ የሚያውቁት ነበሩ። ጊብዓ አገሩ ናት። እርስ በርሳቸው «የቂስን ልጅ ምን አገኘው? ሳኦል ደግሞ ከነቢያት ወገን ነውን?» ተባባሉ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ በስሙ አልጠሩትም። «የቂስ ልጅ» ነው ያሉት። እኛስ «የእገሌ ልጅ እኮ ነው» ስንል እንዲሁ አይደለም? የአባቱን ቤት አውቃለሁ፣ አስተዳደጉን አውቃለሁ፣ ልኩን አውቃለሁ ማለታችን ነው።

ከመካከላቸው ግን አንድ ሰው «አባታቸውስ ማን ነው?» አለ። ስሙ አልተጻፈም። ንግግሩን በተለያየ መንገድ የሚፈቱት አሉ። እኔ ከሁሉም ብልህ የነበረው ይህ ሰው ይመስለኛል። «የቂስ ልጅ ነው ትላላችሁ። ነቢያቱስ የማን ልጆች ናቸው? ትንቢትን ከአባታቸው ወረሱት?» ያለ ይመስለኛል። የእግዚአብሔር መንፈስ የዘር ሐረግ አይቆጥርም። ሳኦልም ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ሳሙኤል ሲያከብረው፣ ነገዴ ከእስራኤል ነገዶች ያነሰ፣ ወገኔም የመጨረሻው አይደለምን ብሎት ነበር።

ደግሞ ጎረቤቶቹ ያላዩት ነገር አለ። ዘይቱ ሲፈስ አልነበሩም። ሳኦልም አልተናገረም። አጎቱ ጠይቆት እንኳ የአህዮቹን መገኘት ነገረው እንጂ የመንግሥቱን ነገር ደበቀው። በምጽጳ ንጉሥ ለመምረጥ የተጣለው ዕጣ ሲወጣለት ዕቃ መካከል ተሸሽጎ ነው የተገኘው። ስለዚህ ሰዎቹ የፈረዱት ግማሹን ታሪክ ይዘው ነው። ትናንት ጫት ቤት የምናውቀው ልጅ ዛሬ ነጠላ አጣፍቶ ሲያስቀድስ ወይም መዝሙር ሲመራ ስናይ እኛም ያለን ግማሹ ነው። ሌሊት ምን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደጸለየለት አናውቅም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ምሳሌው ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል።

ሳኦል ነግሦአል። በጌልገላ ሳሙኤልን መጠበቅ አቅቶት መሥዋዕቱን ራሱ አቅርቧል። በአማሌቅ ዘመቻ የተባለውን ትቶ ምርጥ ምርጡን በግ አስቀርቷል። «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» የሚለው ቃል የተነገረውም ለእርሱ ነው። መንፈስ ቅዱስ ከእርሱ ርቋል። አሁን ዳዊትን ሊገድል ያሳድዳል። ዳዊት ራማ ወደነበረው ወደ ሳሙኤል ሸሸ። ሳኦል ሦስት ጊዜ መልእክተኞች ላከ፤ ሦስቱም ነቢያቱ ጋ ሲደርሱ ትንቢት ተናገሩ። በመጨረሻ ራሱ ሄደ። እርሱም ትንቢት ተናገረ። ልብሱን አውልቆ ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ ራቁቱን ወደቀ። ሰዎችም ያንኑ ቃል ደገሙት፦ «ሳኦል ደግሞ ከነቢያት ወገን ነውን?»

ቃሉ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። በመጀመሪያው ቀን «እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ከፍ አለ?» ነበር። አሁን «እንዲህ ከፍ ያለ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ?» ሆነ። ይህ ክፍል ያስፈራኛል። ሳኦል ትንቢት በተናገረበት ሰዓት ልቡ ውስጥ የነበረው ግድያ ነው። ጌታም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «በስምህ ትንቢት አልተናገርንምን?» ስለሚሉት ሰዎች የተናገረው ቀላል አይደለም። ስጦታ አንድ ነገር ነው፣ ሰውየው ከእግዚአብሔር ጋር መሆኑ ደግሞ ሌላ። ሌላ ልብ የተሰጠው ሰው ያንን ልብ መጠበቅ ነበረበት።

ይህን በቅርብ ያየው ዳዊት ነው። በገና እየደረደረ ሳኦልን ሲያሳርፍ የቆየው እርሱ ነበር። መንፈስ የራቀው ንጉሥ ምን እንደሚመስል ያውቃል። በኋላ ራሱ ሲወድቅ በንስሐ መዝሙሩ (በእኛ ቁጥር 50፣ በሌሎች 51) «ቅዱስ መንፈስህንም ከእኔ ላይ አትውሰድብኝ» ብሎ ጮኸ። ዙፋኔን አትውሰድብኝ አላለም። ይህን መዝሙር ስጸልይ ሳኦልን ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ቃሉ ሌላ ክብደት አግኝቶብኛል።

ታዲያ ምሳሌውን ስንጠቀምበት ለሹፈት እንዳይሆን እፈራለሁ። የተለወጠውን ሰው ለማሳፈር ከዋለ፣ ጊብዓ ላይ ቆመው ከጠየቁት ሰዎች አልተሻልንም።

በሐዲስ ኪዳን ሌላ ሳኦል አለ። በኋላ ሐዋርያው ጳውሎስ የተባለው ነው። አማርኛው ሳውል ይለዋል እንጂ ስሙ አንድ ነው። እርሱም ከብንያም ነገድ ነው። ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ኖሮ በደማስቆ መንገድ ተለወጠ። ኢየሩሳሌም መጥቶ ከደቀ መዛሙርት ጋር ሊቀላቀል ሲሞክር ሁሉም ፈሩት። እውነት ደቀ መዝሙር ሆኗል ብለው አላመኑም። ደግሞ አይፈረድባቸውም፤ ወንድሞቻቸውን ያሰረው እርሱ ነበር። በርናባስ ግን ይዞት ወደ ሐዋርያት ገባ። ጌታን በመንገድ እንዴት እንዳየ፣ በደማስቆም በኢየሱስ ስም እንዴት በድፍረት እንደተናገረ፣ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ተረከላቸው።