የወደር ትምህርት በሰሜን ሸዋ መካከለኛ ክፍሎች

ወደር በሁለት መጠኖች መካከል የሚገኝ ልዩ ዝምድና ነው። አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ ይሆናል፤ አንዱ ወደ ሲሶ ሲወርድ ሌላውም ወደ ሲሶ ይወርዳል። አንዱን ለሌላው በማካፈል የሚገኘው የማይለወጥ ቁጥር የአሃድ ምጣኔ ነው፦ የአንድ ኪሎ ዋጋ፣ በአንድ ሰዓት የሚኬድ ርቀት፣ ለአንድ ሄክታር የሚበቃ ማዳበሪያ። በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ንጥጥር (ሁለት መጠኖችን በማካፈል ማወዳደር)፣ ወደርና መቶኛ በ7ኛ ክፍል ሒሳብ በአንድ ምዕራፍ ተሰብስበው ይሰጣሉ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን 6፣ መካከለኛ ደረጃን 2፣ ሁለተኛ ደረጃን 4 ዓመት ስላደረገው፣ ተማሪው ይህን ምዕራፍ የሚያገኘው መካከለኛ ደረጃ በገባበት ዓመት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነውና ብዙ ግዛቶች በተቀበሉት የጋራ የሒሳብ መመዘኛ፣ ንጥጥርና የአሃድ ምጣኔ በ6ኛ፣ ወደርን ለይቶ ማወቅ ደግሞ በ7ኛ ክፍል ተከፋፍለው ሁለት ዓመት ይወስዳሉ። እኛ ዘንድ ሁለቱም ሥራዎች በአንድ ምዕራፍ ታጭቀዋል፤ ሲጣደፉ የሚጎዳው ደግሞ ሁልጊዜ ለይቶ ማወቁ ነው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ትምህርት ከመጽሐፉ የበለጠ ምሳሌ ያለው አካባቢ ነው። ከደብረ ብርሃን ብርድና ከመንዝ የበግ ሀገር ተነስቶ በጣርማ በር ቁልቁለት ወደ ቀወትና ኤፍራታ ቆላ ይወርዳል፤ በደቡብ በኩል የምንጃር ጤፍና ሽምብራ አለ። በገበያው ኪሎና ኩንታል ከጣሳ፣ ከቁና፣ ከእፍኝና ከመደብ ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ። እናቱን ተከትሎ ገበያ የሚወጣ የ13 ዓመት ልጅ 3 ኪሎ ሽንኩርት 135 ብር ከሆነ 7 ኪሎው ስንት እንደሚሆን ለመናገር ወረቀት አይፈልግም፤ የአንዱን 45 ብር አውጥቶ በ7 ያባዛል፣ 315 ይላል። ይኸው ልጅ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ለምን እንደሚደናገር መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዱ መልስ፣ ክፍሉ የሚጀምረው ልጁ ከሚያውቀው ሳይሆን ከቀመሩ በመሆኑ ነው።

የአሃድ ምጣኔ ሁለት ፊት አለው፣ ብዙ ክፍሎች ግን አንዱን ብቻ ያሳያሉ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ መኪና ይህን በ90 ደቂቃ ቢሄድ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ደቂቃ ተኩል ወስዷል ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። «30 ኪሎ ሜትር ይቀረናል፣ ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» ለሚል ተሳፋሪ ግን ሁለተኛው ይቀላል፤ 30 በአንድ ተኩል ተባዝቶ 45 ደቂቃ ይሰጣል። ተማሪው የትኛውን ለየትኛው እንደሚያካፍል የሚያምታታው አብዛኛውን ጊዜ ማካፈል አቅቶት ሳይሆን ሁለት ትክክለኛ መንገድ እንዳለ ያልተነገረው በመሆኑ ነው። ከቁጥሩ ጋር መለኪያውን፣ «ብር በኪሎ» ወይም «ደቂቃ በኪሎ ሜትር» ብሎ፣ እንዲጽፍ ማስገደድ ግማሹን ስሕተት ያስቀራል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በዚህ ዕድሜ የታወቀው ስሕተት ግን ሌላ ነው፦ በማባዛት ፈንታ መደመር። ሦስት እጅ ጤፍ ከሁለት እጅ ማሽላ ጋር ቀላቅላ የምታስፈጭ ቤተሰብ 9 ኪሎ ጤፍ ብታወጣ ስንት ኪሎ ማሽላ ያስፈልጋታል ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ጤፉ ላይ 6 ተጨምሯል፣ ስለዚህ ማሽላውም ላይ 6 ይጨመራል» ብሎ 8 የሚል ተማሪ አይጠፋም። መልሱ 6 ኪሎ ነው፤ ጤፉ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ማሽላውም ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ካርፕለስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ በሌላ ጥያቄ ፈትሾታል። አጭሩ ሰውዬ ሲለካ 4 ቁልፍ ወይም 6 የወረቀት ማያያዣ ይሆናል፤ ረጅሙ 6 ቁልፍ ነው፤ በማያያዣ ስንት ይሆናል? ትክክለኛው 9 ሲሆን ብዙ ልጆች 8 አሉ። የካሊፎርኒያም ሆነ የሸዋ ሮቢት ልጅ እዚህ ላይ ይመሳሰላል። 8 ያለውን ተማሪ «ተሳስተሃል» ከማለት፣ 3 ለ2ን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ በሳህን እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይሻላል። ሦስት ሳህን ሲሞላ 9 እና 6 በራሳቸው ይወጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተማሪ ወደርን ማስላት ከተማረ በኋላ ያየውን ሁሉ ወደር አድርጎ ማስላት ይጀምራል። ስለዚህ ወደር ያልሆነውን ማሳየት የትምህርቱ ግማሽ ነው፤ ለዚህም ከገበያው ምርቃት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አንዲት ሻጭ ባቄላ በጣሳ ትሸጣለች እንበል፤ ጣሳው 30 ብር ነው፣ አራት እፍኝ ይይዛል። ለማንኛውም ገዢ፣ ጥቂትም ይግዛ ብዙ፣ አንድ እፍኝ ትመርቃለች። አንድ ጣሳ የገዛ 5 እፍኝ ያገኛል፣ ሁለት የገዛ 9፣ ሦስት የገዛ 13። ሠንጠረዡ ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በ4 በ4 ይጨምራል፣ ወደር ነው» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ መምህሩ ታግሦ ማካፈሉን ማሠራት አለበት፦ 5 ለ1 ሲካፈል 5፣ 9 ለ2 ሲካፈል 4.5፣ 13 ለ3 ሲካፈል 4.33 ገደማ። ድርሻው እየወረደ ነው። እኩል መጨመር ብቻውን ወደርን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ድርሻው አለመለወጡ ነው። ምርቃቱ ቢቀር 4፣ 8፣ 12 ይሆናል፣ ድርሻውም ሁልጊዜ 4 ነው።

ከዚሁ ሠንጠረዥ ሌላ ነገር ይወጣል። አንድ ጣሳ የገዛው አንዱን እፍኝ በ6 ብር አገኘ፤ አምስት ጣሳ የገዛው ግን 21 እፍኝ በ150 ብር፣ ማለትም አንዱን ከ7 ብር በላይ ከፍሏል። በጅምላ መግዛት ሁልጊዜ ይረክሳል የሚል ልጅ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል። (አምስት ጊዜ ተመላልሶ አንድ አንድ ጣሳ መግዛት ያዋጣል የሚል ብልጥ ተማሪ ይነሳ ይሆናል፤ ሒሳቡ ልክ ነው፣ የሻጯን ፊት ግን አላሰላውም።) ሁለቱን ሠንጠረዦች በግራፍ ሲነድፏቸው ሁለቱም ቀጥተኛ መሥመር ይሰጣሉ፤ ያለ ምርቃት የሆነው ብቻ ወደ ኋላ ሲሳብ በዜሮ ነጥብ ያልፋል። «ቀጥተኛ መሥመር ከሆነ ወደር ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት መሆኑ በዓይን ይታያል።

ሌሎች ምሳሌዎችም ቅርብ ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ በ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ይጠበቃል። የሙቀቱ ልዩነት ከከፍታው ልዩነት ጋር ወደር ነው፤ ሙቀቱ ራሱ ከከፍታው ጋር ግን ወደር አይደለም። የቤት ኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ስለሆነ ፍጆታው እጥፍ ሲሆን ሒሳቡ እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የወር ደመወዝተኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለ30 ቀን የተወሰነ ገንዘብ ሲቀበል ቆይቶ ጳጉሜ ላይ ወደሩ ይፈርሳል፤ ይህን ለማስረዳት መምህሩ ብዙ መድከም አያስፈልገውም።

መለኪያው ካልተወሰነ የአሃድ ምጣኔ ትርጉም እንደማይኖረው የሚያስተምረው የእርሻው ሥራ ነው። ለረጅም ጊዜ ለገበሬው የሚሰጠው አጠቃላይ የማዳበሪያ ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። ገበሬው ግን መሬቱን በጥማድ ይቆጥራል፤ ጥማድ በተለምዶ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ፣ ለሦስት ጥማድ 75 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው ከረጢት አንድ ተኩል ይሆናል። ጥማድ በመሠረቱ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ይሰፋል፣ ይጠባል። ተማሪዎች የቤታቸውን ማሳ በገመድ ለክተው ቢመጡ የክፍሉ መልስ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ያ ልዩነት ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው።

ኢርቱዕ ወደር፣ አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላው ግማሽ የሚሆንበት ዝምድና፣ በዚሁ ምዕራፍ ይከተላል። 6 ሰው በ4 ቀን የሚያጭደውን 8 ሰው በ3 ቀን ይጨርሰዋል፤ እዚህ የማይለወጠው ድርሻው ሳይሆን ብዜቱ 24 ነው። ደቦ የሚያውቅ ልጅ 48 ሰው ቢጠራ በግማሽ ቀን ያልቃል የሚለውን በጥርጣሬ ያየዋል፣ ጠላው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ያውቃልና።

በብዙ ክፍሎች የሚያሳዝነው ልማድ አመሳቅሎ ማባዛት (የአንዱን ክፍልፋይ የላይ ቁጥር በሌላው የታች ቁጥር ማባዛት) በመጀመሪያው ቀን መሰጠቱ ነው። ዘዴው ልክ ነው፣ ፈጣንም ነው፤ ነገር ግን ተማሪው የሚመሳቀሉት ቁጥሮች ምን እንደሆኑ ሳያይ መልስ ላይ ያደርሰዋል፣ ወደር ያልሆነውንም ያለ ቅሬታ ያሰላለታል። በሠንጠረዥና በአሃድ ምጣኔ የቆየ ክፍል ዘግይቶ ቢማረው የሚያጎድለው ነገር የለም። ጉዳቱ በመቶኛ ላይ ይብሳል። ከ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 230 ብር የተከፈለበት ዕቃ ያለ ታክሱ ስንት ነበር ሲባል፣ የ230ን 15 በመቶ ቀንሶ 195.50 የሚል ብዙ ነው። 230 የሚወክለው 115 እጅን ነው፤ አንዱ እጅ 2 ብር፣ መቶው እጅ 200 ብር ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ትምህርቱ ተቋርጦበት ወደ 7ኛ ክፍል የሚመለስ ተማሪ ክፍልፋይ ላይ ክፍተት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ወደር ደግሞ በክፍልፋይ ላይ የቆመ ነው። መምህራን ምዕራፉን ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ለሲሶና ለሩብ ቢሰጡ የሚባክን ጊዜ አይደለም። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን ሌላ ግፊት ይፈጥራል። በምርጫ የሚመለስ ጥያቄ ስሌትን ይፈትናል፣ ለይቶ ማወቅን ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። እንዲፈትን ማድረግ የማይቻል ሆኖ አይደለም፦ ሦስት ሠንጠረዦች ቀርበው የትኛው ወደር እንደሆነ ሊጠየቅ፣ አማራጮቹም «ልዩነቱ እኩል ስለሆነ»፣ «ድርሻው ስለማይለወጥ»፣ «ሁለቱም ስለሚጨምሩ» የሚሉ ምክንያቶች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በራሱ የክፍል ፈተና ውስጥ የሚያስገባ መምህር፣ የትኛው ተማሪ ባቄላውን በልዩነት፣ የትኛው በድርሻ እንደቆጠረ በአንድ ገጽ ላይ ያየዋል።